ለዕቃ የሚሆን ክፍል

ሜትሩ እንደገና ተፈናጥሮ ወደ ቀፎው ገባና የሃዊን አውራ ጣት ገረፈው።

«ኧረ በማርያም!» አለች ለብቻዋ፣ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ።

ጫፉ ላይ የጫነችው ድንጋይ ተንከባሎ ሄዷል። ቤታቸው ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ስለሆነ ጓሮው ውስጥ ያስቀመጡት ነገር ባለበት አይቆይም፤ ኳስም ይሁን ድንች፣ ሄዶ ሄዶ የጎረቤታቸው የእትዬ ዘርትሁን አጥር ሥር ይገኛል። አባቷ ገለታ ጠዋት የአሸዋ መኪናውን ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሥራውን ሲሰጣት ቀላል አስመስሎት ነበር። «የኋላውን ግድግዳ ርዝመት፣ ከግድግዳው እስከ ድንጋይ ካቡ ያለውን ስፋት፣ የጣሪያውን ከፍታ። በቃ። ነገ ግንበኛው ጋሽ አጥናፉ ሲመጣ ስንት ብሎኬት እንደሚፈጅ ያሰላል።» ሜትር ለመያዝ ሁለት ሰው እንደሚያስፈልግ አላሰበበትም። ወይም አስቦበት፣ ሁለተኛው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል አፉን ሞልቶ መናገር አልፈለገም።

«እንደዚህ አይደለም የሚለካው።»

ሃዊ ዞር አለች። ወንድሟ ሶሬሳ የጓሮውን በር ተደግፎ ቆሟል። ብርድ ልብሱን እንደ ጋቢ ተከናንቧል። ፀጉሩ በተኛበት በኩል ተለጥፏል፤ ከፊት ጥርሶቹ የአንዱ ግማሽ የለም። ከፍራሹ ተነስቶ፣ ማንም ሳይለምነው፣ በራሱ ፈቃድ ሲናገር ካየችው ወራት ሆኗል።

«ጫፉን ስጪኝ» አለ እጁን ዘርግቶ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከክኒኑ ነው። «ምንድነው የምትለኪው?»

አባቷ ይሄንንም ነግሯት ነበር። ሶሬሳ ከጠየቀሽ እንዲህ በይው።

«አባዬ ከኋላ ክፍል ሊያስቀጥል ነው» አለች ሃዊ። «ለዕቃ።»

«ለዕቃ» አለ ሶሬሳ። ራሱን ነቀነቀና የሜትሩን ጫፍ ያዘ።

ሶሬሳ ዩኒቨርሲቲ የገባው ኮንስትራክሽን ሊማር ነበር። ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ የዶርም ጓደኞቹ ደወሉ፤ «አይተኛም፣ ከግድግዳ ጋር ያወራል፣ መጥታችሁ ውሰዱት» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ጠበል፣ ከጠበል ተመልሶ ሆስፒታል ሆነ። ክኒኑን ሲውጥ ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ሲተወው ድምፆቹ ይመጣሉ። አንዴ የእትዬ ዘርትሁንን የመብራት ገመድ «ስሜን እየጠራ ነው» ብሎ በጣጠሰው። ልጃቸው አማን ያን ዕለት፣ «ሁለተኛ አጥራችንን ካለፈ እግሩን ነው የምሰብረው» ብሎ በሰፈር ፊት ማለ። በክረምቱ ማብቂያ ደግሞ ሶሬሳ ጠፋ። ሲገኝ ከእንጦጦ ሥር ካለው ገደል ውስጥ ነበር። ሌባ መስሏቸው የደበደቡት ሰዎች በዝናብ ጥለውት ሄደዋል።

አባቷ ስለ ክፍሉ ማውራት የጀመረው ያኔ ነው። ከቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል። በሯ ላሜራ፣ መቀርቀሪያዋ ከውጪ። እናቷ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አባቷም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረው።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዥ እንጂ» አለ ሶሬሳ። «ሲረግብ ይዋሻል።»

ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ሃዊ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈች። ሶሬሳ ግን በዚያ አልበቃውም። ከማገዶው ክምር አራት ቀጫጭን እንጨቶች መዘዘና ክፍሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ በአራቱ ማዕዘን ተከላቸው። ከዚያ ደግሞ ከጥግ ወደ ጥግ አስለካት።

«ይሄ ደግሞ ለምን?»

«ከጥግ ጥግ ያሉት ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ካልሆኑ ክፍልሽ ጠማማ ነው። አየሽ? በሃያ ሴንቲ ይበላለጣሉ። ፋራ የሠራው ቤት!»

«አባዬ ነው እኮ የሠራው።»

«አውቃለሁ» አለና ሳቀ።

ሃዊም ሳቀች። ሳቁን ረስታው ነበር። ወንድሟ ብርድ ልብሱን ጥሎ፣ በቲሸርት ብቻ፣ ካቡ ሥር ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ይጭር ጀመር። ውሃው ከላይ እንደሚመጣ፣ መጀመሪያ ከካቡ ጋር ቦይ ካልተቆፈረ ብሎኬቱ በአንድ ክረምት እርጥበት እንደሚጠጣ አስረዳት። እየፈጠነ ነበር የሚያወራው፣ ግን ቃላቱ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ እንደ ድሮው ሶሬሳ። ሃዊ መዳፏ ላይ አዲስ ቁጥር በጨመረች ቁጥር ፊቱን ላለማየት ታቀረቅራለች።

«በሩስ?»

«ላሜራ ነው ብሏል።»

«መስኮት በየት በኩል ነው?»

«መስኮት የለውም።»

«ተይ ባክሽ። ዕቃም ቢሆን አየር ካላገኘ ይሻግታል። በዚህ በምሥራቅ በኩል ትንሽ ብትሆንም መደረግ አለባት።» ወደ ግራው ጥግ ሄደ። «ይሄ ጥግ ላይ መደርደሪያ ቢሆን…»

«እሱን ተወው፣ ለሽንት ቤት ነው» አለች ሃዊ።

ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው። አባቷ ጠዋት ያላት ነው፤ የግራውን ጥግ ለሽንት ቤት ተዪው።

ሶሬሳ ቀና አለ። ከዚያ ከት ብሎ ሳቀ።

«ዕቃ ሽንት ቤት ይሄዳል እንዴ?»

ሃዊ አብራው ልትስቅ ሞከረች። ከንፈሯ ተከፈተ እንጂ ድምፅ አልወጣላትም። ሶሬሳ እየሳቀ ፊቷን አየ። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ቀስ በቀስ እየቀጠነ ሄዶ ጠፋ። የሜትሩን ጫፍ ለቀቀው። ሜትሩ በአፈሩ ላይ እየተንሸራተተ ተሰበሰበ።

ሶሬሳ ተራምዶ በተከላቸው አራት እንጨቶች መሀል ገባና ቆመ። ወደ ግራ አየ፤ ወደ ቀኝ አየ። ክንዶቹን ዘረጋ።

«አልጋ ይገባል» አለ። «አልጋ ገብቶ ትንሽ ቦታ ይተርፋል።»

«ሶሬ…»

«መቀርቀሪያው ከውጪ ነው አይደል?»

መልሷን አልጠበቀም። በጎኗ አልፎ በሩጫ ወደ ግቢው በር ሄደ። በሩ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ሃዊ አንገት ላይ ነው።

«ክፈቺልኝ።»

«አባዬ እስኪመጣ ብቻ። እማዬም ከሽሮ ሜዳ ትመጣለች፣ ቁጭ ብለን…»

«ሃዊ፣ ክፈቺልኝ!»

ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይነቀንቀው ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ የሚሰማው ድምፅ ነበር። ከአጥሩ ማዶ በር ሲከፈት ተሰማ።

«አንቺ ሃዊ!» አሉ እትዬ ዘርትሁን። «ያ ልጅ ደግሞ ተነሳበት እንዴ? አማንን ልጥራው?»

«ምንም አልሆነም እትዬ!» አለች ሃዊ ጮክ ብላ። «ክፍል እየለካን ነው! አይጥሩት እባክዎ!»

ሶሬሳ የእትዬ ዘርትሁንን አጥር እያየ ነበር። ከዚያ አንድ እግሩን በእነሱና በእሳቸው መሀል ያለው አጠና ላይ አሳረፈ። ሃዊ ከማዶ የአማንን ድምፅ ሰማች፤ «የት አለ?» ይላል። ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። እዚህ ቆልፋ ብታቆየው ያንን አጥር ይዘልላል፤ ከዘለለ ደግሞ ዳግመኛ ይደበድቡታል። ቁልፉን ከአንገቷ ስታወጣ ክሩ ፀጉሯን ነጭቶ ነበር፣ አልተሰማትም።

«በዚህ! ሶሬ፣ በዚህ ና!»

በሩ ተከፈተ። ሶሬሳ ወጣና ዳገቱን ተያያዘው።

ሃዊ ተከተለችው። የቤት ሲሊፐር ነበር ያደረገችው። ጠባቡ መንገድ ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ለሶሬሳ መንገድ ለቀቁለትና መሀሉን መልሰው ዘጉባት። ተጋፍታ ስታልፍ ቲሸርቱ ጥጉን ዞሮ ተሰወረ። ጥጉ ላይ ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱም ባዶ ናቸው።

ጀርባቸውን ያጎበጠ የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ እናት ከላይ እየወረዱ ነበር።

«እናቴ፣ ረጅም ልጅ፣ ጥርሱ የተሰበረ… አላዩም?»

«ወደ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ምን ሰርቆ ነው ልጄ?»

«ወንድሜ ነው» አለች ሃዊ። ሌላ ምን እንደምትል አላወቀችም። ሮጠች።

ሲሊፐሯ ተበጠሰ። አንዱን እግሯን ባዶ አድርጋ ቤቶቹ እስኪሳሱ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረት እስኪጀምር ሮጠች። ገደሉ ጋ ስትደርስ ቆመች። በክረምቱ የተገኘው እዚህ ነው። ጎንበስ ብላ ወደ ታች ተመለከተች። ፌስታል፣ ቆሻሻ፣ ቀጭን ውሃ። ሰው የለም። «ሶሬሳ!» ብላ ጮኸች። ገደሉ የራሷን ድምፅ መለሰላት።

ያኔ አንድ ሐሳብ መጣባት። ማንም ሳይጋብዘው ገብቶ አጠገቧ እንደተቀመጠ እንግዳ ነበር። ባይገኝስ? ጨርሶ ባይገኝ፣ አባቷ እንደ ልቡ ይተኛል፤ እናቷ ስልክ በጮኸ ቁጥር ደረቷን አትይዝም፤ እሷም ከትምህርት ቤት እየሮጠች አትመለስም፤ ጓደኞቿን ቤት ትጠራለች። ሁሉም ያልቃል። ሐሳቡ እስትንፋስ ያህል እንኳ አልቆየም። ሃዊ ግን ከራሷ ሐሳብ ደንግጣ ቁጭ አለችና መንገድ ዳር አለቀሰች። ሌላ የሚቻላት ነገር አልነበረም።

«ሲሊፐርሽስ?»

ከመንገዱ በላይ፣ ከባሕር ዛፎቹ መሀል ነበር ድምፁ። ሶሬሳ ግንድ ተደግፎ ተቀምጧል። እግሮቹን ዘርግቷል፤ ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል።

«ከዚህ በላይ መሮጥ አቃተኝ» አለ። «ክኒኑ እግሬን ያስረዋል።»

ሃዊ ወጥታ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከታቻቸው የሰፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ የማታ ፀሐይ መትቶት ያንጸባርቃል።

«ለዕቃ ነው አልሽኝ» አለ ሶሬሳ።

«አባዬ ነው እንዲህ በይው ያለኝ።»

«ያልሽኝ ግን አንቺ ነሽ።»

ለዚህ የሚሆን ሰበብ ፈለገች። አጣች። «አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»

ሶሬሳ ቅጠል አንስቶ በጣቶቹ አሸው። ሽታው ወጣ።

«በክረምቱ ስትጠፋ እማዬ ሬሳ ክፍል ድረስ ሄዳ አይታለች» አለች ሃዊ። «አንድ የማታውቀውን ልጅ ገልጠው አሳዩአት። አባዬ መኪናውን ጥሎ ወንዝ ለወንዝ ነበር የሚሄደው። እንደገና እንደዚያ ከሚሆን ብሎ ነው፣ ሶሬ። ጠልቶህ አይደለም። እኔም አሁን እዚያ ገደሉ አፍ ላይ ቆሜ…» ልትተወው ፈለገች። ግን ዛሬ አንድ ውሸት ተናግራለች፤ ሁለተኛ መጨመር አልቻለችም። «ባትገኝ ይሻል ነበር ብዬ አሰብኩ። ለአፍታ።»

ይነሳል ብላ ጠብቃ ነበር። አልተነሳም።

«እኔም አንዳንዴ እንደዚያ አስባለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ሃዊ ተንፏቅቃ አጠገቡ መጣችና የቲሸርቱን እጅጌ ጨብጣ ያዘች፤ ልጅ ሳለች ገበያ ሲሄዱ እንደምትይዘው። እሱም ተዋት።

«ቁልፉ አይደለም የሚያስፈራኝ» አለ ቆይቶ። «ድምፆቹ ሲመጡ እኔም እግሬን አላምነውም። የት እንደሚወስደኝ አላውቅም። በር ቢቆለፍብኝ… አላውቅም፣ ምናልባት እሺ። ጨለማው ነው። ውጪውን ሳየው ዛፉ ዛፍ ነው፤ ገመዱም ገመድ ነው። ካላየሁ ግን እነሱ የሚሉኝን ነው የማምነው። መስኮት የሌለው ክፍል ከገባሁ፣ ሃዊዬ፣ እኔ አልወጣም። በሩን ቢከፍቱትም አልወጣም።»

«ለአባዬ ንገረዋ።»

«አንቺ ንገሪልኝ። እኔ ስናገር በሽታው ነው የሚናገረው ይላል። አንቺን ይሰማሻል።»

ብርዱ ሲጀምር ተነሱ። ሶሬሳ የራሱን ጫማ አውልቆ ሰጣት፤ ሰፍቷት እየተንሸራተተች፣ እሱ በካልሲው፣ ቁልቁለቱን ወረዱ።

ግቢው በር ላይ አባቷ ቆሟል። የአሸዋ አቧራው ከፊቱ ላይ ገና አልታጠበም። እናቷ ደጃፉ ላይ እጇን ራሷ ላይ ጭና ተቀምጣለች። ልጆቿን ስታይ፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ብላ ተነስታ ሶሬሳን በሁለት እጇ ዳበሰችው፤ ክንዱን፣ ጎኑን፣ ራሱን። ደም ፈልጋ ነው።

አባቷ አልተንቀሳቀሰም።

«ቁልፉን ለማን ነበር የሰጠሁት?» አለ።

«ለእኔ።»

«ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። አጥሩን ሊዘል ነበር፣ አባዬ። አማን ከማዶ ቆሞ ነበር።»

አባቷ እጁን አነሳ። ሃዊ የሚመታት መስሏት ዐይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው የበሩን ቋሚ ይዞ ቆሟል፤ ካልያዘው የሚወድቅ ይመስላል።

ወደ ቤት ገቡ። እናቷ ሶሬሳን ፍራሹ ላይ አስቀምጣ ውሃ አመጣችለት። አባቷ ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ።

«ጋሽ አጥናፉ ይጠብቃል» አለ፣ ማንንም ሳያይ። «ቁጥሮቹን ንገሪኝ። በቃ፣ ነገ ይጀመራል። ከዚህ በላይ አንድ ቀን አላድርም።»

ሃዊ መዳፏን ከፈተች። ላቡ ቀለሙን ቢያደበዝዘውም ይነበባል። አሁን ብትናገር ሁሉም ነገር ጸጥ ይላል፤ ማንም አይጮህም። ስለ መስኮቱም ልትጨምርበት ትችላለች፤ ሶሬሳ እንደለመናት በእሱ ቦታ ሆና። አባቷ ይሰማት ይሆናል። ግን ያኔም ሶሬሳ እዚያው ፍራሹ ላይ፣ እነሱ ስለ እሱ ሲያወሩ የሚሰማ ዕቃ ሆኖ ይቀራል።

መዳፏን ጨበጠችው።

«የለካው ሶሬሳ ነው» አለች። «እሱን ጠይቀው።»

አባቷ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«እሱ ነው የሚያውቀው። ቦዩንም፣ ጥጉንም። ለምን እንደሆነም ያውቃል። እሱን ጠይቀው፣ አባዬ።»

እናቷ የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘች ቀረች። አባቷ ወደ ፍራሹ ዞረ፤ ሲዞር አንገቱ የከበደው ይመስል ነበር። ሶሬሳ እጆቹን ጉልበቶቹ መሀል ከትቶ መንቀጥቀጣቸውን ሊያቆም ይታገላል።

«ርዝመቱ» አለ ሶሬሳ፣ «ሦስት ሜትር ከስልሳ። ስፋቱ ሁለት ከአርባ፤ ግን ለቦዩ ሠላሳ ሴንቲ ከካቡ መራቅ አለበት። መስኮት… በምሥራቅ በኩል፣ ስፋቱ ሰማንያ።»

«መስኮት አላልኩም» አለ አባቷ።

«ለዕቃ ከሆነ አያስፈልግም» አለ ሶሬሳ። «ለእኔ ከሆነ ግን ያስፈልጋል።»

አባቷ ሲጨንቀው ኦሮምኛው ነው የሚቀድመው፤ «ኢልማ ኮ» አለ፣ ልጄ፤ ቀጣዩ ቃል በሁለቱም ቋንቋ እምቢ አለው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ብድግ ብሎ በጓሮው በር ወጣ።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከውጪ መጣ። «ሃዊ! ሜትሩን አምጪና ጫፉን ያዥልኝ፤ ሳይጨልም!»

ሜትሩ፣ እናቷ ከጓሮው አንስታ ያስገባችው፣ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ሃዊ አነሳችውና ሶሬሳ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተን ነው የጠራው» አለችው።

«ስምሽን እኮ ነው የጠራው።»

«ሂድ በቃ።»

ሶሬሳ እናቱን አየ፤ እናቱ ወለሉን ታያለች። ተነሳና በካልሲው ወጣ። ሃዊ ወደ ጓሮው በር ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። በጭቃው ግድግዳ በኩል አባቷ ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማት። ከዚያ ሜትሩ ሲሳብ።

«ስንት አልክ?»

«ሰማንያ።»

«እስቲ… መቶ አድርገው።»

እናቷ ብርጭቆውን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ውጪ ሶሬሳ አንድ ነገር ጠየቀ፤ ሃዊ «መቀርቀሪያ» የምትለዋን ቃል ብቻ ለየች። የአባቷ መልስ ግን ዝቅ ያለ ነበር። እሺ ይሁን እምቢ፣ ከዚህ አይሰማም። እጇን በሩ ላይ አሳረፈች፤ ገፋ ብታደርገው ይሰማት ነበር።

ንግግሩን ለሁለቱ ትታ እጇን ከበሩ መለሰችና እናቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።